ከምሳ በኋላም ውድድር እንዳለ ለማሳወቅ

ለተከበሩ የመኪና መጽሔቱ ዋና አዘጋጅ፣ እንዲሁም የጽናት ውድድር ኮሚቴው ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሞ አክብሮት የተሞላበት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ? ወገብዎን ለይቼ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በየወሩ አዲስ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም «እጅግ ምቹ» ብሎ የሚነሳ ሰው ወገቡ ከብረት የተሠራ መሆን አለበት ብዬ ስለማስብ ነው። የእኔን ከጠየቁኝ እንደ ዕድሜዬ ነው፤ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት በልመናም ቢሆን ይነሳል፣ ዳገት ላይ ግን ማጉረምረሙ አይቀርም።

እርስዎ አያውቁኝም። ከአውቶቡስ ማደሪያው ፊት ለፊት ያለው ጋራዥ የሟች ባለቤቴ ነበር፤ አሁን የልጄ ነው። እኔ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍል የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ይህንን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ እንግዲህ መኪና ስለምወድ እንጂ ምሁር ስለሆንኩ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነውና ዓረፍተ ነገሬ ቢረዝምብዎ ይታገሱኝ፤ ዘግይቶ ያገኘ ሰው ቶሎ አይለቅም። ከዚህ በታች በቁጥር የለየኋቸውን ቅሬታ ማለት ደግሞ ድፍረት ይሆንብኛል። ምስጋናዎች ናቸው፣ ትንሽ ጎምዘዝ ያሉ።

አንደኛ፤ መጽሔትዎን ማንበብ ሳልችል እንዴት እወደው እንደነበር ልንገርዎ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ የጥፍሩ ሥር ጥቁረት መቼም አይለቅም። ከዚያ ከአንድ አሮጌ ታክሲ በተነቀለ የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ መጽሔትዎን ጮክ እያለ ያነብልኛል፤ እኔ እየሰፋሁ አዳምጣለሁ። ምን ያለ ደፋር መጽሔት ነበር መሰለዎ። ስለ አንዱ መኪና «በሩ ሲዘጋ ባዶ ቆርቆሮ የወደቀ ይመስላል፤ ሦስተኛ ማርሽ ማስገባት ከአማት ጋር የመታረቅ ያህል ትዕግሥት ይፈልጋል» ይላል። ስለ ሌላው «ይህን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚገፉለት ጎረቤቶች እንዳሉት ያረጋግጥ» ይላል። ከሳቄ ብዛት መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። «እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን መከሰሳቸው አይቀርም» ስለው «ተያቸው፣ ማን ይነካቸዋል» ይለኝና ገጹን ይገልጣል።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላም መጽሔትዎ መምጣቱን አላቋረጠም። ለተወሰነ ጊዜ ሥዕሉን ብቻ ሳይ ቆየሁ። በኋላ ግን የእሱ ድምፅ ወረቀቱ ውስጥ የቀረ መስሎኝ፣ ከሰዓት በኋላ ለትልልቅ ሰዎች በሚሰጠው ትምህርት ተመዘገብኩ። ጉልበቴ ከልጆቹ ጠረጴዛ ሥር አልገባ እያለ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን መምህርት «እማማ፣ እስቲ ይድገሙት» እያለችኝ ተማርኩ። ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ የገለጥኩት ስለዚያ ባለ ቆርቆሮ በር መኪና የተጻፈውን ነው። ሥዕሉን አውቀዋለሁ፤ ቃሉንም በልቤ ይዤዋለሁ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ባነበው «የበሩ አዘጋግ መንፈስን ያሳርፋል፤ ማርሹ ለጣት ይታዘዛል፤ ወንበሩ እጅግ ምቹ ነው» ይላል። ያፈርኩት በራሴ ነው። መጽሔቱን ይዤ ወደ መምህርቴ ሄድኩና «ልጄ፣ አንድ ነገር ሳታስተምሪኝ አልፈሻል፤ ቆርቆሮ የሚለውን ሁሉ ምቹ እያልኩ ነው የማነበው» አልኳት። ተቀብላ አነበበችው። «እማማ፣ እሱም የሚለው ምቹ ነው» አለችኝ። ዛሬ ደክሟት ይሆናል ብዬ ሌላ ቀን ልመጣ ተነስቼ ወጣሁ።

እቤት ገብቼ ሌሎቹን እትሞች ገለጥኩ። ሁሉም ምቹ ነበሩ። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ዘመን የምወደውን ጽሑፍ ይጽፍልኝ የነበረው በተነቀለ ወንበር ላይ የተጋደመው ሰውዬ ነበር። ማንበብ ዓይን ያበራል ይላሉ፤ እኔ ግን ፊደል ተማርኩና አንድ ጥሩ መጽሔት አጣሁ። ባለቤቴ ያለ ደመወዝ ይሠራልዎ የነበረውን ሥራ እሱ ከሞተ በኋላ የሚተካው ሰው ስላልቀጠሩ ብቻ ትንሽ አዝኛለሁ።

ይሁን እንጂ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ቋንቋዎን ማጥናት ጀመርኩ። አሁን ማንም ሳይረዳኝ አነበዋለሁ። «ስሜት ቀስቃሽ ድምፅ አለው» ሲሉ ጆሮ ያደነቁራል ማለትዎ ነው። «ለወጣቶች የተመቸ» ሲሉ የኋላ ወንበሩ ላይ ሰው አይቀመጥም። «ከሾፌሩ ጋር ይነጋገራል» ሲሉ ሁሉ ነገሩ ይንጫጫል። «ሴቶች ይወዱታል» ሲሉ ደግሞ መስታወት አለው ማለትዎ ነው። ስለዚህ ስለ መጨረሻው ውለታዎ አመሰግናለሁ፤ መስታወት የሌለው መኪና እስካሁን አላየሁም።

ሁለተኛ፤ ባለፈው ዓመት የመኪና አስመጪው ድርጅት ያመጣውን ነጭ መኪና እርስዎ ራስዎ ነድተው «ሞተሩ ድካም የሚባል ነገር አያውቅም» ብለው መጻፍዎን በደስታ አንብቤያለሁ። የነዱበትንም መንገድ ገልጸዋል፤ ከኮረብታው ሆቴል ተነስተው ወንዙ ዳር ምሳ ወደ ተዘጋጀበት ቦታ። መንገዱን አውቀዋለሁ። ከላይ እስከ ታች ቁልቁለት ነው። በዚያ መንገድ ላይ የእኔ የስፌት መኪናም ድካም አታውቅም። ጉርሻ ካለበት አፍ ክፉ ቃል አይወጣምና በዚህ አልወቅስዎትም። ዳገቱን ተመልሰው በምን እንደወጡት ስላልጻፉ ግን ልቤ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ሦስተኛ፤ ሦስተኛውን ስጽፈው ተናድጄ ስለነበር ቀደድኩት። ቦታው ባዶ እንዳይቀር ስለ ራስዎ ከሚያውቁት አንድ ነገር ይሙሉበት። እኔ ጽፌው ከነበረው እንደማያንስ አምናለሁ።

አራተኛ፤ ይሄኛው ይረዝማል፤ ውድድሩም ረጅም ነውና። ለማያውቀው አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ በዓመት አንዴ የጽናት ውድድር ይካሄዳል። መኪኖቹ ፀሐይ ስትወጣ ተነስተው እስክትጠልቅ ሜዳውን ይዞራሉ። ሾፌር ይቀያየራል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ የተሰበረው ይጠገናል፤ ሲመሽ ብዙ ዙር የዞረ ያሸንፋል። ባለቤቴ ከዚህ ሌላ ውድድር አይወድም ነበር። «ውሸታም ሰው ቁርስ ላይ ያምርበታል፤ እራት ሲደርስ ግን ጠዋት ያለውን ይረሳል። መኪናም እንደዚያው ነው፤ እስኪመሽ ጠብቀሽ እዪው» ይለኝ ነበር።

የእኛን መኪና የሠራት እሱ ነው፤ ከተጋጩ መኪኖች አንዱን ከአንዱ እየገጣጠመ። ልጄ «ባልቴት» ብላ ትጠራታለች። እኔን ይሁን መኪናዋን ለማለት እንደሆነ ስጠይቃት ትስቃለች። የሚነዷት ልጄና ወንድሜ ናቸው። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የእንቁላል ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው፤ ሰፈሩ «ቀስ በል» ይለዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያለ ያልተረተበት ሰው ስለሌለ «በእግሩ ከሄደማ እኔን ማን ይቀጥረኝ ነበር» ብሎ መመለስ ለምዷል።

የእኔ ሥራ ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ ለሾፌሩ ምልክት ማሳየት ነው። ድሮ ከወንበር ልብስ የተረፈ ጨርቅ ነበር የማውለበልበው፤ ቀዩ ግባ ነው፣ አረንጓዴው ቀጥል። ፊደል ስማር ጊዜ ኩራት ያዘኝና ጥቁር ሰሌዳ ገዛሁ። የመጀመሪያ ቀን «ልጄ ሆይ፣ የኋላ ጎማሽ እየሳሳ ስለሆነ በሚመችሽ ጊዜ ጎራ ብትዪ ደስ ይለኛል» ብዬ ጻፍኩላት። ደጋግማ አልፋኝ ሄደች። በመጨረሻ ስትገባ «እማዬ፣ ያንቺን ደብዳቤ ለማንበብ እኮ መኪናውን ማቆም አለብኝ። በናትሽ ጨርቁን አምጪው» አለችኝ። ወንድሜ ጎማ እየፈታ «ማኅተምም ይጎድለዋል» ሲል ጨመረበት። ስለዚህ እዚያ ሜዳ ላይ ወደ ጨርቄ ተመልሻለሁ፤ ረጅሙን ጽሑፍ ለእርስዎ አስቀምጬዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ባለፈው ዓመት ልምጣ። እርስዎና ጋዜጠኛዎ አስመጪው በተከለላችሁ ድንኳን ውስጥ ነበራችሁ። ነጩ መኪና ከጠዋት ጀምሮ ይመራል። እውነቱን ልናገር፣ ሲያልፍ ያምራል። እኩለ ቀን ገደማ ባልቴትን አስገባናት። አስቀድመን ያሰብነው ነው፤ ፍሬን ቀኑን ሙሉ ስለማይዘልቅ መሃል ላይ የፍሬኑ ሸራ ይቀየራል፤ ይህንን ያላደረገ ከሰዓት በኋላ አጥሩን ጥሶ ያልፋል። በክሪክ አነሳናት፣ ጎማዎቿን ሁሉ ፈታን። ልጄ ተንበርክካ ትሠራለች፤ ወንድሜ እንደ ልማዱ ብሎኑን አንድ በአንድ እየጠረገ ያስቀምጣል። በዚህ መሃል የምሳ ፎጣ አንገትዎ ላይ እንዳለ ከድንኳኑ ብቅ ብለው አዩን። በሐዘን ራስዎን ነቀነቁ፤ ለጋዜጠኛዎ አንድ ነገር ነገሩት፤ እሱም ጻፈው። ወዲያው የአስመጪው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ፣ ተሳፈራችሁ፣ ሄዳችሁ። ልጄ ቀና ብላ «እነዚህ ደግሞ የት ነው? ውድድሩ አለቀ እንዴ?» አለች። ወንድሜ «ለእነሱ አልቋል፤ ምሳውን እስከ ፍራፍሬው በልተዋል» አላት።

መጽሔትዎ ሲወጣ «ዕድሜ የተጫናት አሮጌ መኪና እኩለ ቀን ላይ ጎማዎቿን አውልቃ ከውድድሩ ተሰናበተች፤ ነጩ መኪና ግን ሜዳውን ተቆጣጥሮት ዋለ» ይላል። ጎማ ያወለቀ መኪና ያየ ሰው ሞተ ቢል አይፈረድበትም። ጫማውን ያወለቀውን ሰው ሁሉ ግን አንቀብርም።

አልነበሩምና ከምሳ በኋላ የሆነውን ላጫውትዎ። ባልቴት ከክሪኩ ወርዳ መዞሯን ቀጠለች። ሙቀቱ ሲበረታ የነጩ መኪና ፍሪሲዮን መሽተት ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶ ኮፈኑን ከፍቶ እንደ ተራበ ጫጩት ሜዳው ዳር ቆመ። ሾፌሩ ጨዋ ልጅ ነው። ውሃ ሰጠነውና ከእኛ ጋር ተቀመጠ። «ጋዜጠኞቹ የት ሄዱ?» ብሎ ሲጠይቅ ወንድሜ «ማሸነፍህን ሊጽፉ» አለው። ልጁ ሳቀ፤ ኋላ ግን አንገቱን ደፋ። ያ ሰዓት ያመለጥዎ መሆኑ በእውነት ያሳዝነኛል። ወደ ምሽቱ ግድም መኪናው እየሳሳ፣ ጫጫታው እየቀነሰ ይሄዳል፤ የቀሩትን አንድ በአንድ በድምፃቸው ትለዪያቸዋለሽ ይለኝ ነበር ባለቤቴ። ተመልካቹም ወደ አጥሩ ይጠጋል። ማንም አይሰለችም፤ ማን እንደሚደርስ ገና አልታወቀማ። ፀሐይ ስትጠልቅ አንደኛ የወጣው የዳቦ አከፋፋዩ መኪና ነበር፤ ባልቴት ሦስተኛ ሆነች። አንደኛ ወጣች ብል ያምርልኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እንደ እርስዎ መጻፌ ይሆናል።

እርማት እንዲያወጡ ልትለምን ልጄ ቢሮዎ ድረስ መጥታ ነበር። ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና ሸኝታታለች። በሚቀጥለው እትም በእርግጥም እርማት ወጣ። ከጎማ ማስታወቂያ ሥር፣ መነጽር ደርቤ ባየው፣ የነጩን መኪና ፎቶ ያነሳው ሰው ስም መሳሳቱን ይገልጻል።

አምስተኛ፤ በዚያው እትም ላይ ልጄ መፍቻ ይዛ፣ ክንዷ በግሪስ ተለውሶ፣ ፍሬን ስትገጥም በተነሳችው ፎቶ ሥር «የቡድኑ ደጋፊ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ደጋፊ መሆኗ እውነት ነው። ጋራዡንም እኔንም ደግፋ የያዘችው እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጋራዣችን ማስታወቂያ የለውም። ማስታወቂያችን ያች አንዲት ቀን ናት፤ ሰው ባልቴት እስኪመሽ ስትዞር ያይና በማግሥቱ የራሱን መኪና ይዞልን ይመጣል። ከጽሑፍዎ በኋላ ግን የኖሩ ደንበኞቻችን ሳይቀሩ በር ላይ ቆመው «ያቺ ሜዳ ላይ የቀረችው መኪና የእናንተ ናት አሉ» ብለው፣ ወሬ ጠይቀው ይመለሳሉ። ልጄ «ግድ የለም እማዬ፣ ዘንድሮ ደግሞ እስኪመሽ ያዩናል» እያለች ስታጽናናኝ ከረመች።

እርስዎ ግን በዚህ ወር ርዕሰ አንቀጽዎ፣ ዘመኑ የፍጥነት እንደሆነ፣ ተመልካች ትዕግሥት እንዳጣ፣ ስለዚህም ውድድሩ ከዘንድሮ ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ እንዲያበቃ ለኮሚቴው ሐሳብ ማቅረብዎን ጻፉ። የመጽሔቱ የጀርባ ሽፋን ላይ ነጩ መኪና ተኮፍሶ ቆሟል። ርዕሰ አንቀጹና ሽፋኑ ይተዋወቁ አይተዋወቁ አላውቅም። የማውቀው ነጩ መኪና እስከ ምሳ ድረስ አቻ እንደሌለው ነው። መኪናው ቀኑን አልዘልቅ ሲል ቀኑን ማሳጠር፣ ልብሱ ሲጠብ ወንበሩን በመጋዝ እንደ መቁረጥ ያለ ብልሃት ነው፤ ስንት ዘመን ስሰፋ ይህ አንድም ቀን አልታየኝም።

ውድድሩ ካጠረ ባልቴት ከፈጣኖቹ ጋር ምንም ሥራ የላትም። ልጄ ልትሸጣት ነው። ብረት ገዢው መጥቶ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ በሯን ከፍቶ ዘግቶ፣ እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል። ልጄ ሥራ ስትጨርስ ሞተሩን ሳታስነሳ ውስጧ ገብታ ቁጭ ትላለች። ለዘንድሮው ውድድር የሾፌሩን ወንበር ልብስ ልቀይር ጨርቅ ስለካ አየችኝና «ተይው እማዬ፣ ለማን ብለሽ» አለችኝ። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የከበደ ዓረፍተ ነገር ግን የትም አላየሁም። ቢሆንም ሰፋሁት።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሐሳብዎን ይሳቡልን። ዘንድሮ ደግሞ ይምጡና አንድ ጊዜ እስኪመሽ ይቆዩ። ከአጥሩ ጀርባ ከእኔ ጎን ወንበር አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ ምቾቱን እርስዎ ይፈርዱታል። ድንኳን የለም፣ የዛፍ ጥላ ግን አለ። ምሳዎን ከቤትዎ ይዘው ይምጡ፤ ያን ጊዜ ማንም ምንም እንዲጽፉለት አይጠብቅም። ቀይና አረንጓዴ መለየት ከቻሉም ጨርቁን ተራ በተራ እናውለበልባለን።

ብዕርዎ አይድረቅ፤ የሚነዱት መንገድ ሁሉ ቁልቁለት ይሁንልዎ፤ የሚቀመጡበት ሁሉ እጅግ ምቹ ይሁንልዎ። ጠዋትም ሆነ ከሰዓት በኋላ በማይጎድል አክብሮት፣

የባልቴት ወንበር ሰፊ፣
የ«ደጋፊዋ» እናት፣
ዘግይታ የደረሰች አንባቢዎ

በድጋሚ፦ ይህንን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የኮሚቴው ስብሰባ መርሐ ግብር በሚሰበሰብበት ክበብ በር ላይ ተለጥፎ አነበብኩ። ጠዋት ሪፖርት ይቀርባል፤ ከዚያ አስመጪው የጋበዘው ምሳ ነው፤ ውድድሩን በማሳጠሩ ሐሳብ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ ነው። አባላቱ እኩል ለእኩል ስለተከፈሉ የእርስዎ ድምፅ ካልተጨመረበት ሐሳቡ እንደሚወድቅ የክበቡ ዘበኛ አጫውቶኛል። ስለዚህ ከላይ የለመንኩዎትን ሁሉ ይተዉት፤ በእኔ ምክንያት ጸባይዎን እንዲለውጡ አልፈልግም። በዚያን ቀንም ምሳው እንዳለቀ እንደ ልማድዎ ብቻ ያድርጉ።